የናሙና ኖቶቹ ቃጠሎ

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ እሳቱ ጠፍቷል፤ ከደረጃው ላይ ግን ጥቁር ውሃ ገና ይንጠባጠብ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ያያል፣ ሁሉም ያወራል፣ የሚያዳምጥ የለም።

«ጭሱን መጀመሪያ ያየው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ሴት። «አየሁና ጮህኩ። ዘበኛው አባባ ከጎጇቸው ወጡና ወደ ውስጥ ሮጡ። የእሳት አደጋ ሰዎች ናቸው ጎትተው ያወጧቸው። ይተርፉ ይሆን?»

«ወደ ውስጥ ነው የሮጡት? ወደ ውጭ አይደለም?»

«ወደ ውስጥ! በዓይኔ በብረቱ። ደግሞ ልንገርሽ እህቴ፣ ይሄ የፕላስቲክ ገንዘብ ነገር ጣጣ እንደሚያመጣ እኔ ቀድሜ ተናግሬያለሁ። እስቲ አሁን ወረቀቱ ምን በደላቸው?»

«ከአባባ ሌላ ሰው ሲገባ አይተሻል?»

«አላየሁም። ግን ወረቀቱ ቢያንስ ሲታጠፍ ይታጠፋል…»

ኢንስፔክተሯ አመስግናት ሄደች። ይህ የመጀመሪያው ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት ስለ ቃጠሎው በጠየቀች ቁጥር ሰዉ ስለ ገንዘቡ እንደሚመልስላት ያን ጊዜ ብታውቅ ኖሮ ጉዳዩን ለሌላ መርማሪ ስጡልኝ ባለች ነበር።

የተቃጠለው ትንሽ የጥናት ድርጅት ቢሮ ነው። ገንዘብ የሚያሳትመው ባንክ ትንንሾቹን ኖቶች ከወረቀት ወደ ፕላስቲክ ሊቀይር አስቧል። ከዚያ በፊት ሕዝቡ ምን ይላል የሚለውን እንዲያጠኑ እነዚህን ሰዎች ቀጠረ። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው። በየገበያውና በየመናኸሪያው እየዞሩ «ናሙና» የሚል የታተመባቸውን የፕላስቲክ ኖቶች ሰዉን ያስነካሉ፣ የሚለውንም በድምፅ ይቀዳሉ። እሳቱ የበላው ያ ሁሉ ድምፅ የተቀመጠበትን ክፍል ነው።

የቃጠሎ ምርመራ ባለሙያው ጓንቱን እያወለቀ ወደ እሷ መጣ። «በስህተት የተነሳ አይደለም። የማሽን ማጽጃ አልኮል ወለሉ ላይ ተደፍቷል። መቅጃዎቹም ኮምፒውተሩም አመድ ሆነዋል። የብረት ካቢኔው ነበልባሉን አላስገባም፤ ሙቀቱን ግን ምን ያድርገው? ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ሁሉ ቀልጧል።» ከላይኛው መሳቢያ ያወጣውን አንድ ነገር በከረጢት አድርጎ ሰጣት። አራት ማዕዘን፣ ለስላሳ፣ ከባድ። ከታችኞቹ ሁለት መሳቢያዎች የወጣው ደግሞ የተጨማደደ፣ ቅርፅ የሌለው ቁራጭራጭ ነበር።

«ሳሙና ይመስላል» አለ ሳጅኑ ከጀርባዋ። ሳጅኑ ረጅም፣ ከአፉ የክብሪት እንጨት የማይለይ ሰው ነው። «ለጠረጴዛዎ ይሆናል፤ ማራገቢያው ወረቀትዎን እየበተነ ያስቸግርዎት የለ?»

ፈገግ አላለችም። ነገሩን ግን ከተመዘገበ በኋላ እውነትም ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው።

የጣቢያው አዛዥ ሰኞ ጠዋት ቢሮው ጠራት።

«ዘበኛው ነው» አላት ገና ሳትቀመጥ።

«ለምን?»

«ቁልፉ እሱ ጋ ነው። አልኮሉ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። ውስጥ ነው የተገኘው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ምክንያት እፈልጋለሁ። ሽማግሌው ውጭ ጎጆው ውስጥ ነበር። አቃጥሎ ከሆነ ለምን ተመልሶ ይገባል?»

«ሲነቃ ጠይቂው።»

«ካልነቃስ ጌታዬ?»

«ካልነቃማ አይከራከርሽም።» አዛዡ በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ባንኩ በየሰዓቱ ይደውልልኛል። ከዚህ ሳምንት እንዳያልፍ።»

ሆስፒታል ስትደርስ ከክፍሉ በር ላይ አንድ ፖሊስ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ሽማግሌው ከአንገቱ በላይ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ እጆቹም እንደዚያው። ሴት ልጁ፣ የልብስ ስፌት ሠራተኛ፣ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ነበር።

«ይሄን ፖሊስ ማን ነው ያቆመው?» አለች። «አባቴ ተነስቶ እንዳይሮጥ ነው?»

«ትእዛዝ ነው። እኔ አይደለሁም ያዘዝኩት።»

«እንግዲያው እርስዎ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

ልጅቷ የአባቷን ብርድ ልብስ ወደ ላይ ሳበች። «ሰፈሩ ሁሉ አቃጣዩ እያለው ነው። በዚህ ዕድሜው። እናቴ ከቤት መውጣት አቆመች።»

«የሚጠላው፣ ወይም የተጣላው ሰው ነበር?»

«አባቴን? ሁሉንም ልጄ ልጄ ሲል ነው የሚውለው። የቢሮው ሰዎችም ይወዱታል። አስተባባሪው ልጅ እንኳ በየቀኑ ይመጣል፤ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጥና ሳይናገር አይቶት ይሄዳል።»

በነጋታው ሳጅኑ በደስታ እየተፍነከነከ ገባ። «አገኘሁት ኢንስፔክተር! ፕላስተር።»

ፕላስተር የሚባለው ከገበያው ጥግ የተቀደደ ገንዘብ የሚለዋውጥ ሰው ነው። ሰዉ የማይቀበለውን፣ የተበጣጠሰ ኖት በርካሽ ይገዛል፣ በፕላስተር ያጣብቃል፣ ባንክ ወስዶ በሙሉ ዋጋው ይቀይራል። የማይቀደድ ገንዘብ ከመጣ እንጀራው ያከትማል። ስለ አዲሱ ኖት በተጠራ የሕዝብ ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ይሄን ቢሮ በላያችሁ ላይ ነው የማነደው!» ብሎ መጮሁን አዳራሹ ሙሉ ሰው ሰምቷል።

«ብያለሁ» አለ ፕላስተር ከፊቷ ተቀምጦ። «ተናድጄ ነው። ሲናደዱ የማይባል ምን አለ የኔ እመቤት?»

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ።»

«ጎረቤትህ ጠረጴዛህ ተዘግቶ ነበር ብሎናል።»

ከእጅጌው ላይ የተጣበቀ የፕላስተር ቁራጭ መላጥ ጀመረ።

«የት ነበርክ?»

«አልናገርም።»

«ታስረህ ታድራለህ።»

«ልደር።»

ሁለት ቀን ሙሉ ከዚህ አላለፈም። አዛዡ ግን ፊቱ ፈካ፤ ለባንኩም ደወለ። ለኢንስፔክተሯ ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ደግማ አስጠራችውና ለብቻው አነጋገረችው።

«ስማኝ። አንድ ሽማግሌ ሊሞት ነው። አንተ ካልሆንክ ሌላ ሰው በነፃነት እየሄደ ነው። በአንተ ዝምታ።»

ፕላስተር ጭንቅላቱን ይዞ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «የልጄ ትምህርት ቤት ነበርኩ» አለ። «የወላጆች ስብሰባ።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ይደበቃል?»

«እዚያ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብያለሁ። ልጄም ለጓደኞቿ እንደዚያ ነው ያለችው። ፖሊስ ሄዶ ‹የተቀደደ ገንዘብ የሚያጣብቀው ሰውዬ መጥቶ ነበር ወይ?› ብሎ ቢጠይቅ ልጄ ከዚያ በኋላ ዓይኔን አታይም።»

ኢንስፔክተሯ ራሷ ሄደች፣ መለዮ ሳትለብስ። ርዕሰ መምህሩ ሰውየውን በደንብ ያስታውሰዋል፤ ስብሰባው እስኪያልቅ ፊት ወንበር ላይ ነበር። «ጨዋ ሰው ነው» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ባንክ ነው የሚሠራው። በነገራችን ላይ፣ ይሄ የፕላስቲክ ኖት በእውነት ይመጣል ወይ? እኔ በበኩሌ እደግፋለሁ፤ ግን ለዓይነ ስውራን…»

«አላውቅም» አለች ኢንስፔክተሯ። «እኔ ፖሊስ… እኔ አላውቅም።»

ፕላስተር ተፈታ። አዛዡ በሩን በላይዋ ላይ ድርግም አድርጎ ሊዘጋው ምንም አልቀረው።

የቀሩት የቢሮው ሰዎች ናቸው። ኃላፊው ቃጠሎው በተነሳበት ሰዓት ከባንኩ ሰዎች ጋር ምሳ ላይ ነበር፤ እነሱም መስክረዋል። አንዷ ጠያቂ ክፍለ ሀገር ነበረች። ሌላዋ ወልዳ ቤቷ ተኝታለች። ሦስተኛው የመስክ አስተባባሪው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ውሃ እንኳ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ የሚያመሰግን ወጣት።

«አውቶቡስ መናኸሪያ ነበርኩ» አላት። «ሾፌሮችንና ረዳቶችን ናሙናዎቹን እያስጨበጥኩ ስጠይቅ ዋልኩ። ትንንሽ ኖት በብዛት የሚነካው ረዳት ነው።»

«የአንተ ናሙናዎች አሁን የት አሉ?»

«ተበታተኑ ኢንስፔክተር። ሰዉ ይወስዳቸዋል፤ ለልጆቹ ያሳያል። ተመልሶ ካቢኔ የገባ የለም።» ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። «አባባ እንዴት አደሩ? ዛሬ አልሄድኩም።»

ሳጅኑ መናኸሪያው ሄዶ መጣ። «ጥሩ አይደለም» አለ። «ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ገንዘቡ ነው። አንዱ ሾፌር ‹ላብ አይጠጣም› ይላል። ሌላው ‹ነፋስ ይወስደዋል› ይላል። አንዲት ትኬት ቆራጭ ደግሞ ለግማሽ ቀን ያህል ስለ ባሏ አወራችኝ።»

«ስለ ባሏ?»

«ልብሱን ስታጥብ ኪሱ ውስጥ የረሳው ወረቀት ገንዘብ ይበሰብሳል። ፕላስቲኩ ቢመጣ ትዳራችን ይድናል ትላለች።»

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። «ልጁን አይተውታል ወይስ አላዩትም?»

«ያየም ያላየም የለም። ግርግር ነው።»

በማግሥቱ አብራው ሄደች። አውቶቡሶቹ ጭስ እየተፉ ይገባሉ ይወጣሉ፤ ረዳቶች እየተቀባበሉ ይጣራሉ። ከብዙ ልፋት በኋላ አንድ አጭር ረዳት «አዎ አዎ!» አለ። «ስለ ፕላስቲክ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው መጥቶ ነበር። በደንብ ነው የማስታውሰው።»

ደብተሯን ገለጠች። «ምን ይመስላል?»

«ረጅም ነው። ሲያወራ ክብሪት ያኝካል።»

ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ ዞረች። ሳጅኑ እንጨቱን ከአፉ አወጣና ኪሱ ከተተ።

«ትናንት እኔ ነኝ የጠየቅኩት» አለ።

«አውቄያለሁ!» ብላ ጮኸችበት። አላፊ አግዳሚው ዞሮ አያት።

ረዳቱ ደነገጠ። ሊክሳት ይመስል ከኪሱ አንድ የፕላስቲክ ናሙና አወጣ። «ይኸው ውሰጂ እህቴ። የእህቴ ልጅ ከገበያ ነው ያመጣችው፤ ከዚያች እርጉዝ ከነበረችው ጠያቂ። እኔን የጠየቀኝ ግን የለም። ብጠየቅ ብዙ የምለው ነበረኝ።»

«አልጠራጠርም» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ናሙናውን ተቀብላም ወደ መኪናው ሄደች።

ቢሮዋ ስትገባ አዛዡ መልእክት ትቶላታል፤ ነገ ጠዋት ዘበኛው ላይ ክስ እንዲመሠረት ይጠይቃል። ተቀመጠች። ማራገቢያው ወረቀቶቿን ያንቀጠቅጣል። ናሙናውን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ሰዉ ሁሉ እብድ የሆነለት ነገር ይሄ ነው። ለሁለት የታጠፈ ነበር። ልትዘረጋው በመዳፏ ተጫነችው። እጇን ስታነሳ ብድግ አለ። በክርኗ አሸችው። እንደገና ብድግ። በንዴት ወደ ኋላ አጥፋ ተጫነችው፤ አሁን ደግሞ ሁለት ጉብታ አወጣ።

«እረፍ አንተ!» አለችው፤ ያንን ሳሙና መሳይ ነገር አነሳችና ከላዩ ደፋችበት።

ከዚያ እጇ እዚያው ቀረ።

ነገሩን አነሳችውና በመስኮቱ ብርሃን ጎኑን አየችው። መስመሮች አሉት፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ ጠርዝ ስስ ስስ፣ ትክክል ትክክል የተደራረቡ። ዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ። በወገቡ ዙሪያ ደግሞ ጠቆር ያለ ቀበቶ ነበረው፣ ጥቅል ኖት የሚታሰርበት ወረቀት ከስሎ የተወው።

«ሳጅን!»

ሳጅኑ እየሮጠ መጣ።

«ይሄ የማን መሳቢያ ነው? የላይኛው።»

«ልይ…የጠያቂዎቹ ናቸው መሳቢያዎቹ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ። ኃላፊው ነግሮኛል። የላይኛው የአስተባባሪው ነው።»

«ሌሎቹ ሁለቱ ሲቀልጡ ለምን ተጨማደዱ?»

«እኔ እንጃ። ተጨማድደው ስለነበር ይሆናላ።»

«በትክክል! ሰው የነካው፣ ያጠፈው፣ ኪሱ የከተተው ስለሆነ። አንዴ ከታጠፈ ተመልሶ እንደዚህ አይደረደርም። ሞክር፣ ይኸው!» ናሙናውን ገፋችለት። «ይሄኛው ግን ከነማሰሪያው ነው የቀለጠው። ጥቅሉ ጭራሽ አልተፈታም። አንድም ሰው አልነካውም። ስንት ጊዜ ነው ወረቀት ላይ የጫንኩት፣ አምላኬ!»

ሳጅኑ ናሙናውን አጥፎ ለቀቀው፤ ብድግ አለ። «ልጁ ግን ያን ቀን ሾፌሮቹን ሳስጨብጥ ዋልኩ ነው ያለው።»

«አዎ። ሲያስጨብጥ የዋለው ናሙና ካቢኔ ውስጥ ተቆልፎ ይቀልጥ ነበር።»

ወጣቱ አልሸሸም። ያገኙት ሆስፒታል፣ ከሽማግሌው ክፍል ፊት ያለው መተላለፊያ ውስጥ ነው። ምርመራ ክፍሉ ውስጥ የቀለጠውን ጥቅል ከፊቱ ስታስቀምጥለት ምን እንደሆነ አላወቀውም።

«የአንተ ናሙና ነው» አለችው። «ተበታተነ ያልከኝ።»

በጣቱ ነካው። «አመድ የሚሆን ነበር የመሰለኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ መጠየቅም አላስፈለጋትም። መጀመሪያ ቀን ገበያ ወጥቶ ነበር። ግብር ሰብሳቢ መስሏቸው አባረሩት፤ አንዷ ሽንኩርት ሻጭ የታጠበችበትን ውሃ ደፋችበት፣ ጎረቤቶቿም ሳቁ። ቤቱ ገባና አልቅሶ አደረ። በማግሥቱ መውጣት አቃተው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሰዉ ምን ሊል እንደሚችል እያሰበ ውጤቱን ከራሱ ሞላው፤ ሾፌሩ እንዲህ ይላል፣ አሮጊቷ እንዲህ ትላለች። ሥራው ተወደሰለት። ከቃጠሎው ጥቂት ቀን በፊት ግን የባንኩ ሰዎች ድምፆቹን ራሳችን እንሰማለን ብለው ለሰኞ ቀጠሮ ያዙ። እሱ ጋ ደግሞ የሚሰማ ድምፅ አልነበረም።

«ቅዳሜ ከሰዓት ማንም የለም ብዬ ነው። አባባ በሩን ክፍት ትተው ቧንቧው ጋ ጀርባቸውን ሰጥተው ውሃ ሲቀዱ ነው የገባሁት። በጓሮ አጥር ዘልዬ ወጣሁ። ይገባሉ ብዬ… ለምን ገቡ? ለምን ይገባሉ?»

«ታውቃለህ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «ይሄን ሁሉ ቀን ስለ እሳት ስጠይቅ ስለ ፕላስቲክ ገንዘብ ያልነገረኝ ሰው የለም። ፎቶ ኮፒ የምታነሳዋ፣ ሾፌሩ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ ትኬት ቆራጯ ከነባሏ! አንተ ተቀጥረህ ልትሰማው ያልደፈርከውን እኔ ሳልጠይቅ ጆሮዬ እስኪደነቁር ሰማሁት። ትንሽ ብትታገሥ ኖሮ ይነግሩህ ነበር። ሰዉ እኮ የሚጠይቀው አጥቶ ነው!»

ወጣቱ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

ለአዛዡ ሪፖርቱን ስታቀርብ ያመሰግነኛል ብላ አልጠበቀችም፤ ቢያንስ ይደሰታል ብላ ግን አስባ ነበር። አዛዡ ስልኩን እያስቀመጠ ነበር።

«ባንኩ ነገሩ በዝምታ ይለቅ ይላል» አላት። «የሕዝቡን ድጋፍ ዛሬ ጠዋት በጋዜጣ አውጥተውታል።»

«የትኛውን የሕዝብ ድጋፍ? ትልቁ የጥናቱ ክፍል እኮ ልጁ ከራሱ የፈጠረው ነው!»

«እሱ የእኛ ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ ማን አቃጠለ ነው። አገኘሽ፣ አበቃ።»

«እውነቱን ይወቁ እንጂ። እንደገና ይጠይቁ።»

«ኖቶቹ ከታዘዙ ቆይተዋል አሉኝ። ከጥናቱ በፊት።» አዛዡ እሱ ራሱ ትንሽ ያፈረ ይመስል ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ሂጂ እረፊ።»

ኮሪደሩ ላይ ሳጅኑ እየጠበቃት ነበር። ፊቷን አይቶ ቀልዱን ዋጠው። «ከሆስፒታል ደውለዋል» አለ። «ሽማግሌው ነቅተዋል።»

በሩ ላይ የነበረው ፖሊስ ከነወንበሩ ሄዷል። ልጅቷ ሁሉንም ሰምታለች፤ ማን እንዳቃጠለም፣ በየቀኑ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረው ማን እንደሆነም። አትቆጣም፣ አታለቅስም። ኢንስፔክተሯን ወደ አልጋው አሳለፈቻትና ከበስተኋላ ቆመች።

ሽማግሌው ዓይኑን ገለጠ። ድምፁ በጭሱ ተበልቷል፤ ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረባት።

«ፖሊስ ነሽ?»

«አዎ አባባ። እንዳይደክሙ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት ነው። ለምን ገቡ?»

«ልጁ…» አለ። ትንፋሽ ወሰደ። «አስተባባሪው። ውሃ ስቀዳ ሲገባ ጀርባውን አየሁት። ሲወጣ ግን አላየሁትም። ጭሱ ሲነሳ… ጠራሁት፤ ልጄ፣ ልጄ እያልኩ። መልስ አጣሁ።» የተጠቀለለ እጁን ከብርድ ልብሱ በላይ ሊያነሳ ሞከረ። «ወጣ?»

ኢንስፔክተሯ የልጅቷን ትንፋሽ ከኋላዋ ሰማች። ማንም አልረዳትም።

«ወጥቷል አባባ» አለች። «ምንም አልሆነም።»

«ተመስገን።» ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ ከፋሻው ውጭ የቀረችው ትንሽ ቦታ ላላች። «ነርሷ በየቀኑ ይመጣ ነበር ብላኛለች። እኔ ተኝቼ። ምስኪን፣ ተሳቆ ይሆናል።»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ዛሬ ሲመጣ» አለ ሽማግሌው እንቅልፍ እየወሰደው፣ «ቀስቅሱኝ።»